የዘውዲቱ ሰባት አባቶች

እናቴ ስልክ ስትደውል ሁልጊዜ የምትጀምረው በምግብ ነው፤ በላህ ወይ፣ ምን በላህ፣ እሱስ ምግብ ሆኖ ነው ወይ። ያን ቀን ግን ስለ ምግብ አልጠየቀችኝም። "ዘውዲቱ አረፈች። ተኝታ ሳለች ነው አሉ" አለች። ከዚያ፣ "ሺቫው አባ ማንደፍሮ ቤት ነው። ቶሎ ና እንጂ፤ ሰዉ ከአሁኑ መሳቅ ጀምሯል" አለችኝ።

የሌላ ሰው ለቅሶ ቢሆን ሺቫ፣ ሰባት ቀን የሚቆየውን ሐዘን፣ ተቀምጦ መሳቅ ነውር ነበር። ዘውዲቱን የሚያውቅ ሰው ግን ስሟ ተነሥቶ ፊቱን አጨፍግጎ መቆየት አይሆንለትም። እኔም ከሥራ ወጥቼ ባቡር ተሳፈርኩና አድ ሃሎም ጣቢያ እስክወርድ ድረስ አንዴ ሳለቅስ አንዴ ስስቅ፣ አጠገቤ ተቀምጣ የነበረችው ልጅ ተነሥታ ሌላ ቦታ ሄደች። አልፈረድኩባትም።

ዘውዲቱ ሮቫ ዩድ-አሌፍ በሚባለው ሰፈራችን ባለው ኩፓ፣ በክሊኒኩ ማለቴ ነው፣ ደም የምትቀዳ ሴት ነበረች። አጭርና ሞላ ያለች፣ ሁለቱም ጉንጮቿ ላይ የፈንጣጣ ጠባሳ ያለባት፣ ድምጿ ከክፍሏ ወጥቶ መድኃኒት መሸጫው ድረስ የሚሰማ። ሕፃናት ጠባሳዋን አፍጥጠው ሲያዩባት፣ "ልጅ ሆኜ በረዶ መታኝ፤ እናንተም ኮፍያ አድርጉ" ትላቸው ነበር። በእናቴ ዕድሜ ያለች ሴት ስለሆነች እትየ ብዬ አንቱ ልላት ሞክሬ ነበር፤ "አንቱ ካልከኝ በወፍራሙ መርፌ ነው የምወጋህ" አለችኝ። ስለዚህ አንቺ እያልኩ ኖርኩ፤ ለዛሬም አንቺነቷን አልነሣትም።

መርፌ ለሚፈራ ሰው የራሷ ዘዴ ነበራት። ላስቲኩን ክንድህ ላይ አጥብቃ ታስርና "ቁጠር!" ትልሃለች። ማስቆጠሯ ግን አባቶችህን ነው። በእኛ፣ ከኢትዮጵያ በመጣን አይሁዶች ዘንድ፣ ወንድና ሴት ከመተጫጨታቸው በፊት ሽማግሎች ተቀምጠው በሁለቱም ወገን ሰባት ትውልድ ይቆጥራሉ፤ መሀል ላይ አንድ የጋራ አያት ከተገኘ ነገሩ እዚያው ይቀራል። ዘውዲቱ ይህን ትልቅ ወግ ወስዳ ማደንዘዣ አደረገችው። አባትህን፣ አያትህን፣ ቅድመ አያትህን ስታስታውስ መርፌው ገብቶ ይወጣል። ሰባተኛው ላይ ስትደርስ፣ "ሞላ! ጥጡን ያዝ" ትልሃለች።

እኔን ያስቆጠረችኝ አሥራ ሰባት ዓመቴ ላይ፣ ለጦር ሠራዊት ምርመራ ደም ልሰጥ በሄድኩ ጊዜ ነው።

"ስምህ ማነው?"

"ናታን።"

"ቁጠር።"

"አሐት፣ ሽታይም..."

"ዳይ፣ በቃ! ቁጥር ማን ጠየቀህ? አባቶችህን ነው የምልህ። ናታን የማን ልጅ?"

"የደሴ።"

"ደሴስ የማን?"

አያቴን በየሰንበቱ አገኛቸዋለሁ፤ ከእጃቸው ጎርሻለሁ። ስማቸውን ግን ጠርቼው አላውቅም ነበር። "ሳባ" አልኳት፤ በዕብራይስጥ አያት ማለት ነው።

"ሳባ ብለው ነው ያወጡላቸው? ገና ሲወለዱ አያት ነበሩ?"

ሳቋ ይሁን መርፌው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ዓይኔ ጨለመና ወደቅሁ። ስነቃ ሁለት እግሮቼን ወደ ላይ ይዛ ለተሰለፉት ሰዎች "አገር የሚጠብቀው ጀግና ይኸው!" እያለች ታሳያቸዋለች። ልወጣ ስል ደግሞ፣ "ሰባቱን ይዘህ ካልመጣህ ውጤትህን አልሰጥም" አለችኝ። እንደዚያ ለማድረግ ሥልጣኑ አልነበራትም፤ እኔ ግን አመንኳት። ቤት ገብቼ አባቴን ስጠይቀው ቴሌቪዥኑን አጠፋው። ኳስ እየታየ ቴሌቪዥን ሲያጠፋ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ደሴ፣ ፈረደ፣ አያሌው፣ ቢያድግልኝ፣ ወረታ፣ ይርጋ፣ ተገኝ። በማግስቱ ሄጄ አንድ ሳላጎድል ቆጠርኩላት። "አሁን ሰው ሆንክ" አለችኝ።

አሽዶድ ውስጥ የእኛ ሰው ብቻ አይደለም ያለው፤ እሷም ለእኛ ብቻ አላደላችም። ሞሮኳዊውንም፣ ሩሲያዊውንም፣ ጆርጂያዊውንም ታስቆጥር ነበር። አንድ የሞሮኮ ሽማግሌ ሰባት አልፈው ወደ አሥር ሲጠጉ "ሞልቷል እኮ ሳባ፣ ይነሡ" ብትላቸው "ገና አልጨረስኩም" ብለው ወንበሩን አለቅም አሉ። አጠገቧ የምትሠራው ሩሲያዊቷ ነርስ ስቬታ ከአማርኛ የምታውቀው ሦስት ነገር ነበር፤ "ቁጠሪ"፣ "የማን?" እና "ሞላ"። ሥራዋን በዚያው ትጨርሳለች።

ከተሰላፊዎቹ ሁሉ የማይቀሩት አባ ማንደፍሮ ነበሩ። ወደብ ላይ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ስኳር የለባቸውም፤ ግን ስኳሬ ይታይልኝ እያሉ ይመጣሉ። በአባታቸው ወገን ሰባት ቆጥረው ሲያበቁ በእናታቸው ወገን ይጀምራሉ።

"አባ ማንደፍሮ፣ ቱቦው ከሞላ ቆየ" ትላቸዋለች።

"የእናቴ ዘመዶች ይቀየሙኛል" ይሏታል።

የልባቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። በመጨረሻ ሽማግሌ ላኩባት። እሷም ሽማግሎቹን አብልታ አጠጥታ፣ "ሰውየውስ ደግ ሰው ነበሩ። ግን ወንድሜ ቢሆኑስ?" ብላ መለሰቻቸው።

ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ቀልድ አልነበረም። ዘውዲቱ የአምስት ዓመት ልጅ ሳለች ፈንጣጣ ገብቶ አባቷንም እናቷንም በአንድ ሳምንት ወሰደባት። እሷ ተረፈች። አንዲት ሸክላ ሠሪ ሴት አዝላ ይዛት ሸሸች፤ ሩቅ አገር ወስዳ አሳደገቻት። ሴትዮዋ የምታውቀው የልጅቷን አባት ስም ብቻ ነበር፤ ታከለ። ከታከለ በላይ ያለውን የሚያውቅ አልተገኘም። ልጃገረድ ሆና ጠያቂ ሲመጣ ሽማግሎች ዘር ይቆጠር ይላሉ፤ የሚቆጥርላት የለም፤ ጠያቂው ይመለሳል። አገር ተለወጠ፣ ሰው ሁሉ በየፊናው ተጋባ፤ ዘውዲቱ ግን ያንን ወግ አልጣለችም። ቀኑን ሙሉ የሰው አባት ስታስቆጥር የምትውል ሴት የራሷን ከአንድ በላይ አታውቅም ነበር። እኔ ይህን የሰማሁት ከእናቴ ነው፤ ያን ዕለት በጣም አዘንኩላት።

በዚህ መሀል እኔ ባዮሎጂ ተምሬ፣ ደም እያየሁ ላለመውደቅ ራሴን አስለምጄ፣ አንድ ቤተ ሙከራ ተቀጥሬ ነበር። የምናጠናው ሰውነት በሽታ የሚከላከልበትን አንቲቦዲ የሚሠሩ ጂኖችን ነው። ደም የሚሰጡን ሰዎች ስናጣ ወደ ዘውዲቱ ሄድኩ።

"እስቲ በሚገባኝ አርገህ ንገረኝ" አለች፤ የሃፍሳካ፣ የእረፍት ሰዓት፣ ሳንድዊቿን ለሁለት ከፍላ ግማሹን እየሰጠችኝ።

"ደም ውስጥ ቢ ሴል የሚባሉ አሉ። አንቲቦዲ የሚሠሩት እነሱ ናቸው። የትኛው በሽታ እንደሚመጣ ሰውነት አስቀድሞ አያውቅም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሴል ከአባትና ከእናት ከተወረሰው ጂን ቁርጥራጭ ይመርጣል፣ ይቆርጣል፣ ይገጥማል። መገጣጠሚያው ላይ ደግሞ ከራሱ ይጨምርበታል። አንዱ የገጠመው ሌላው ከገጠመው ይለያል።"

"ድሪቶ ነዋ!"

ድሪቶ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ያሳደገቻት ሴት ከየቤቱ እራፊ ጨርቅ ሰብስባ፣ አንዱን ካንዱ ጥፋ ትሰፋላት የነበረው ልብስ መሆኑን አስረዳችኝ። "እንግዲህ ሰውነታችን ድሪቶ ሰፊ ነው በለኛ" አለች።

"እራፊዎቹም ከሰው ሰው ይለያያሉ። በዓለም መዝገብ የተጻፉት በብዛት ከአውሮፓ ወገን ሰው ደም የተገኙት ናቸው፤ የእኛ ገና በደንብ አልተጻፈም። ክትባትና መድኃኒት የሚሠሩ ሰዎች ደግሞ የሚያዩት ያንን መዝገብ ነው።" ከዚያ ጉንጯን አየሁና ሳላስበው፣ "አንቺን ከፈንጣጣ ያዳነሽም አንዱ ድሪቶ ሳይሆን አይቀርም። የሰፉት ሴሎች ዘሮች ምናልባት ዛሬም ደምሽ ውስጥ አሉ" አልኳት።

ማኘኳን አቆመች። "እራፊውስ ከማን ነው?"

"ከአባትሽና ከእናትሽ ነዋ።"

"እነሱ በዚያው በሽታ ሞተው?"

"የእነሱ ሰውነት ሰፍቶ ሳይደርስላቸው ቀርቶ ይሆናል። ያንቺ ደረሰ።"

በመዳፏ ጉንጯን ዳሰሰች። "ታከለ ባዶ እጄን አልሰደደኝማ" አለች።

ሰው መሰብሰብ ቀላል አልነበረም። ድሮ የእኛ ሰዎች የሰጡት ደም በሽታ አለበት ተብሎ በስውር መጣሉ የተሰማ ጊዜ የገባው ቅሬታ ከብዙ ሽማግሎች ልብ አልወጣም። ዘውዲቱ ግን፣ "እኔ አመጣቸዋለሁ፤ አንተ ብቻ እንዳትወድቅ" አለችኝ።

በቀጠሮው ቀን ማትናሱ ውስጥ፣ በሰፈሩ የሕዝብ አዳራሽ፣ ጥቂት ሰው ጠብቄ ስገባ ሰልፉ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ደርሷል። ወንዶቹ ሸሚዝ ተኩሰዋል፤ ልጃገረዶቹ ተኳኩለዋል። ደም ሊሰጥ የመጣ ሰው እንዲህ ሲያጌጥ አይቼ አላውቅም። የመጀመሪያዋ ሴትዮ አንድ ጎረምሳና አንዲት ልጅ በግራና በቀኝ ይዛ መጣችና፣ "ልጄና እጮኛው ናቸው። ማሽኑ ሰባት ቤት የሚቆጥረው በስንት ሰዓት ነው? ውጤቱስ ዛሬ ይደርሳል? አዳራሽ ይዘናል እኮ" አለችኝ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሰፈሩ በሙሉ የእኛ ማሽን ከደም ላይ ዘር ይቆጥራል፣ ሽማግሌ ማስቀመጥ ቀረ እያለ ሲያወራ ሰንብቷል፤ ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ወሬው ከየት እንደመጣ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። አባ ማንደፍሮ ሙሉ ልብስ ለብሰው ከፊት ቆመዋል።

"አባ ማንደፍሮ፣ ይህን ማን ነገረዎት?"

"ማንም አልነገረኝ። የአባቶች ቁራጭ ደም ውስጥ አለ ብለህ ለዘውዲቱ ነግረሃት የለም? አለ ከተባለ ይቆጠራላ።"

ዞር ብዬ ዘውዲቱን አየኋት። ከነጩ ጋውን ሥር አዲስ ቀሚስ ለብሳለች፤ ጸጉሯን ተሠርታለች። እሷም ተስፋ አድርጋ መምጣቷ ያኔ ገባኝ። እንደዚያ ቀን እውነት መናገር ያስጠላኝ ጊዜ የለም። ቢሆንም ወንበር ላይ ወጥቼ ተናገርኩ፤ የምናየው የጂኖችን አንድ ትንሽ ክፍል ብቻ ነው፤ ሁለት ሰዎች በሰባት ቤት ውስጥ ዘመድ መሆን አለመሆናቸውን በዚህ መናገር አንችልም፤ ማሽኑ አባት አይቆጥርም።

አዳራሹ አጉረመረመ። "ታዲያ ለምን አስለፋችሁን?" አለች የሙሽራው እናት፤ "ያላ፣ እንሂድ።" ከበሩ አጠገብ በትር የያዙ አንድ ሽማግሌ ደግሞ፣ "ድሮም እንዲሁ ነው በዘዴ ደማችንን የወሰዱት" አሉ። ሰዉ ወደ በሩ መፍሰስ ጀመረ። አባ ማንደፍሮ ኮፍያቸውን አውልቀው በእጃቸው ያሽከረክራሉ።

ዘውዲቱ ጋውኗን አወለቀች፤ ሄዳ የደም ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና የአዲስ ቀሚሷን እጅጌ ሰበሰበች።

"ስቬታ፣ ቅጂኝ" አለች። ወደ በሩም ጮክ ብላ፣ "ያኔ ከተጣለው ውስጥ የእኔም ደም ነበረበት፤ አልረሳሁትም። ይህን ልጅ ግን አውቀዋለሁ። ደም ሲያይ የሚወድቅ ሰው ደም አይሰርቅም!" አለች።

የሚወጣው ሰው እየሳቀ ቆመ። ስቬታ ላስቲኩን አሰረችና እንደ ልማዷ፣ "ቁጠሪ!" አለቻት።

"ታከለ" አለች ዘውዲቱ።

"የማን?" አለች ስቬታ፤ ምንም የምታውቀው ነገር የለም።

ዘውዲቱ ቱቦውን አየች። ደሙ በቱቦው ይወርዳል። "አላውቅም" አለች ቀስ ብላ። "እኔ ከታከለ በላይ የለኝም።"

በመጀመሪያ የተናገሩት እኚያው ባለ በትሩ ሽማግሌ ናቸው። "አዳነ!" አሉ። "የእኔ አባት አዳነ ይባላሉ። ውሰጃቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ነው፤ ለእኔ የቀሩት ይበቁኛል።"

"ታከለ አዳነ" አለች ዘውዲቱ ዓይኗን እያንከራተተች።

"በለጠ!" አለች የሙሽራው እናት ተቆጥታ፤ ለምን እንደተቆጣች አልገባኝም። "አያቴ ናቸው። አደራ፣ ደግ ሰው ነበሩ።"

ስቬታ ነገሩ ገባት መሰለኝ፣ መርፌውን እንደያዘች፣ "ቦሪስ!" አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዘውዲቱ ራሷ እየሳቀች፣ "ታከለ አዳነ በለጠ ቦሪስ" ብላ ተቀበለች። ሙሽራው ሰንደቄን ሰጠ። ከኋላ አንዲት ወታደር ልጅ መልኬ ብላ ቅድመ አያቷን ሰጠች። ይሄኔ አባ ማንደፍሮ ኮፍያቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ወደፊት ራመድ አሉና፣ "እኔም..." ብለው ጀመሩ።

"አንተ ዝም በል!" ብላ ጮኸችባቸው። "አባት ሰጠኸኝ ማለት እኮ ወንድሜ ሆንክ ማለት ነው! ከዚያ በኋላ እንዴት ነው የምታገባኝ?"

ምን እንዳለች የገባት ከተናገረችው በኋላ ነው። ጠባሳዋ ሁሉ ቀላ። እልልታው ሲነሣ ጎረቤት ሕንጻ ያሉ ሰዎች ሰገነታቸው ላይ ወጡ። በእልልታው መሀል ስቬታ "ሞላ!" ስትል ሰማኋት። ሰባተኛው አባት ሳይገኝ ቱቦው ሞልቶ ነበር፤ ማንም ልብ አላለውም።

ከወጡት ብዙዎቹ ተመልሰው ተሰለፉ። ምን እንደምናጠናና ምን እንደማንችል እንደገና አስረዳሁ፤ የገባው ሰጠ፣ ያልፈለገ ሳይቀየም ሄደ። አባ ማንደፍሮ ያን ቀን ሲቀዱ አንድም አባት አልቆጠሩም። ፈገግ ብለው ጣራውን ያዩ ነበር።

ቆይቶ ውጤቱን በዚያው አዳራሽ ለሕዝቡ ነገርን። መዝገቡ ውስጥ ያልነበሩ ቁርጥራጮች ከእኛ ደም ተገኝተዋል፤ አንዳንዶቹ በብዙዎቻችን ላይ አሉ፤ አሁን ተጽፈዋል። ዘውዲቱ እጇን አወጣች።

"የማን የማን ነው?"

"ስም አናውቅም፣ በኮድ ነው። ግን ብዙ ሰው ላይ ስላለ፣ ከሩቅ አያት የመጣ ሳይሆን አይቀርም።"

"ከሰባት ቤት ይርቃል?"

"ይመስለኛል፣ በጣም ይርቃል።"

"እንግዲያውስ ሁላችንም ዘመድ ነን፤ ግን የሚያጋባ ዝምድና ነው" አለችና ተቀመጠች። ይህን ሳይንስ አላልኩትም፤ ልቃወማትም አልሞከርኩም። የሰፈሩ ቄስ፣ የሃይማኖት አባታችንን እኛም ቄስ ነው የምንለው፣ ግን ወግ አዋቂ ናቸውና እሳቸው ምን ይላሉ ተብሎ ተጠየቁ። ዘውዲቱንና አባ ማንደፍሮን አየት አደረጓቸውና፣ "ሰባት ቤት የምንቆጥረው ለሚወለደው ልጅ ብለን ነው። እናንተ አሁን ምን ልትወልዱ?" አሉ። "ማን ያውቃል ቄሴ!" አለች ዘውዲቱ። ቄሱ እየሳቁ መረቋቸው። ሠርጉ ላይ እኔ ስደንስ ወደቅሁ፤ እግሬን ወደ ላይ የያዘችልኝ ሙሽራዋ ናት። ከዚያ በኋላ የነበራቸው ጊዜ አጭር ነበር፤ ግን አባ ማንደፍሮ ከእሷ ጋር ገበያ ሲወጡ ዘንቢሉን ይዘው እንደ ጎረምሳ ሲሄዱ ያየ ሰው አጭር አይለውም።

ሺቫው ላይ ስደርስ እናቴ ያለችው ልክ ነበር። አንዱ በወፍራሙ መርፌ እንዴት እንዳስፈራራችው፣ ሌላው ውጤቱን እንዴት እንደከለከለችው ያወራል፤ የሰፈሩ ወጣት ሁሉ ሰባት አባቱን ያወቀው በእሷ መርፌ ነው። ስቬታ ጥግ ላይ ተቀምጣ አፍንጫዋን ትጠርጋለች። ቄሱ ከጸሎት በኋላ የሟቿ ዘር ይቆጠር አሉ፤ ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ።

አባ ማንደፍሮ ተነሡ። ቃል ሳያጠፉ፣ "ዘውዲቱ ታከለ፣ አዳነ፣ በለጠ፣ ቦሪስ፣ ሰንደቄ፣ መልኬ" ብለው ቆጠሩና ቆሙ። ሁላችንም የሚቀጥለውን ጠበቅን። የለም።

"አንድ ጎደለ" አሉ አባ ማንደፍሮ። ድምጻቸው ተሰበረ። "እኔ እንዳልሰጣት ባሏ ነኝ።"

እኔ ተነሣሁ። ይህን ጊዜ አልወደቅሁም።

"ተገኝ" አልኩ። "የእኔ ሰባተኛ አባት ናቸው። የነገረችኝ እሷ ናት ማለት ይቻላል።"

አባ ማንደፍሮ ትከሻዬን ይዘው ከመጀመሪያው እንደገና ቆጠሩ፤ ተገኝ ላይ ሲደርሱ ሰዉ ሁሉ አብሯቸው አለ። ስቬታ ከጥግ፣ በዚያው በሦስት ቃል አማርኛዋ፣ "ሞላ" አለች።